ሁለቱ ሐኪሞች እንዲነጋገሩ፦ በጎንደር አረጋዊ ወላጅ ለሚያስታምም ቤተሰብ ዝርዝር መመሪያ

እናትየዋ ከነጠላቸው ጫፍ ቋጠሮ ሁለት ወረቀት አወጡ። አንደኛው ከጤና ጣቢያ የተጻፈ ሪፈር፣ ማለትም ወደ ሆስፒታል መላኪያ ደብዳቤ፣ ነው፤ «ደም ግፊት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ለተሻለ ሕክምና» ይላል፤ ከሥሩ ፊርማና ማኅተም። ሁለተኛው ከአእምሮ ሕክምና ክፍል የተሰጠ ሲሆን የሦስት መድኃኒት ስም ብቻ ሰፍሮበታል። በሁለቱ ወረቀቶች መካከል ስምንት ወርና ሦስት መውደቅ አለ። አንዱ ጸሐፊ ሌላው ምን እንዳየ አያውቅም። ሁለቱንም ያዩት እናትየዋ ብቻ ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ ማንበብ አይችሉም።

በጤና ጣቢያ ነርስነት በሠራሁባቸው ዓመታት እንዲህ ያለውን ቋጠሮ ስንት ጊዜ እንደፈታሁ አልቆጠርኩም። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ግን አባቴ ታመሙና ከጠረጴዛው ወዲያ ማዶ፣ ከአግዳሚው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። የራሴን ጥፋት ያየሁት ያኔ ነው። አባቴ እንቅልፍ አጥተው፣ እህል ጠልተው፣ «ከእንግዲህ ምን ቀረኝ» ማለት ሲያበዙ ወደ አእምሮ ሐኪም ወሰድኳቸው። አሚትሪፕቲሊን የሚባል የድብርት መድኃኒት ታዘዘላቸው። በአራተኛው ሌሊት ሽንታቸው ፈጽሞ ታገደ፤ ድንገተኛ ክፍል ገብተን በቱቦ ወጣላቸው። ፕሮስቴታቸው ማበጡን የሚከታተላቸው ጤና መኮንን ያውቅ ነበር፤ እኔም አውቅ ነበር። የአእምሮ ሐኪሙ ግን ከየት ይወቀው? በያዝነው ወረቀት ላይ አልተጻፈም፤ እኔም «ለእንቅልፍ የመጣ ሰው ስለ ሽንት ምን ያወራል» ብዬ ዝም አልኩ። ነርስ ሆኜ!

ከዚህ በታች ያለው ከዚያ ሌሊት ወዲህ የተማርኩት ነው። ሁለቱ ሐኪሞች፣ የጤና ጣቢያውና የአእምሮው፣ ስልክ ተደዋውለው ቢጨርሱት ደስ ባለኝ፤ በአብዛኛው ግን የሚነጋገሩት በወረቀት ነው፣ ወረቀቱን የሚሸከመው ደግሞ ቤተሰብ ነው።

አንደኛ፦ በሁለቱም ወገን ሰው ያዙ

«የቤተሰብ ሐኪም» የሚለው ስም ለብዙዎቻችን እንግዳ ነው፤ ሰውየው ግን አለ። ከጎንደር ሰፈሮች አዘዞም ሁኑ ማራኪ፣ በየወሩ ወይም በየሦስት ወሩ የእናታችሁን ግፊትና ስኳር እየለካ መድኃኒት የሚያድሰው ጤና መኮንን ወይም ጠቅላላ ሐኪም እሱ ነው። ጎንደር ለዚህ አሠራር ባዕድ አይደለችም። በ1947 ዓ.ም. የተቋቋመው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ጤና መኮንኖችን፣ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን ያሠለጠነው በአንድ ቡድን እንዲሠሩ አስቦ ነው። ያ ኮሌጅ አድጎ ዛሬ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆኗል።

በወዲያኛው ወገን፣ በሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና (ሳይካትሪ) ክፍል፣ የምታገኙት ሳይካትሪስት፣ ማለትም የአእምሮ ስፔሻሊስት ሐኪም፣ ሊሆን ይችላል፤ የሳይካትሪ ነርስ ወይም በአእምሮ ጤና በማስተርስ የተመረቀ ባለሙያም ሊሆን ይችላል። ሁሉም ያክማሉ። ለአረጋውያን ብቻ የተለየ የአእምሮ ሕክምና ክፍል እንዳለ ግን አትቁጠሩ። ጠዋት ከመጣ የ20 ዓመት ወጣት ቀጥሎ የ76 ዓመት አባታችሁ ይገባሉ። እርጅናቸውን፣ ኩላሊታቸውን፣ ፕሮስቴታቸውን፣ ጆሯቸውን በወረቀት ይዞ መግባት የእናንተ ሥራ ነው።

ስለዚህ በጤና ጣቢያ የሚከታተለውን ባለሙያ ስም፣ የክፍሉን ቁጥርና የሚገኝበትን ቀን ጠይቃችሁ ጻፉ። ሐኪም በተቀያየረ ቁጥር ታሪኩ ከመጀመሪያው ይጀምራል። በቤታችሁም እንዲሁ አንድ ሰው ምረጡ። ስድስት ልጅ ባለበት ቤት ስድስት ታሪክ አለ፤ ከአዲስ አበባ ለበዓል የመጣው ልጅ የሚያወራው ደግሞ ሰባተኛው ነው። ከሐኪም ጋር የሚነጋገረው አብሮ የሚያድረው ይሁን።

ሁለተኛ፦ ደብዳቤ የማይጠብቀውን ለዩ

በአረጋውያን ላይ ሦስት ነገሮች እርስ በርስ ይመሳሰላሉ፦ ድብርት፣ የመርሳት በሽታና ድንገተኛ መደናገር። ለመለየት ከሁሉ በላይ የሚረዳው የጊዜው ርዝመት ነው፤ ጊዜውን የሚያውቀው ደግሞ ቤተሰብ እንጂ ሐኪሙ አይደለም።

ድንገተኛ መደናገር በሰዓታት ወይም በጥቂት ቀናት ውስጥ ይመጣል። ትናንት ቡና ሲጠጡና ሲያጫውቱ የነበሩት ዛሬ ልጃቸውን አያውቁም፤ ማታ ይቃዣሉ፣ ጠዋት ይሻላቸዋል፣ ተመልሰው ይፈዛሉ። መንስኤው ብዙ ጊዜ የአካል ሕመም ነው፦ የሽንት ቧንቧ ወይም የሳንባ ኢንፌክሽን፣ ወባ፣ የውኃ ማነስ፣ የስኳር መውረድ፣ የሽንት መታገድ፣ አዲስ የተጀመረ መድኃኒት። ይህ የሳይካትሪ ቀጠሮ ጉዳይ አይደለም። በዚያው ቀን በአቅራቢያ ወዳለው ጤና ጣቢያ ወይም ድንገተኛ ክፍል ውሰዷቸው። በተለይ ለስኳር ግሊበንክላማይድ ወይም ኢንሱሊን የሚወስዱ ሰው እህል ከጠሉ ወይም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ከጾሙ ስኳራቸው ሊወርድ ይችላል፤ የሚቀባጥሩት ከዚያ የተነሣ ሊሆን ይችላል። ከነቁና መዋጥ ከቻሉ ጣፋጭ ነገር አቅምሷቸውና ሂዱ።

ደብዳቤ የማይጠብቅ ሌላም አለ። ራሳቸውን ስለመጉዳት ከተናገሩ፣ መብልና መጠጥ ጨርሰው ከተዉ፣ ወይም የሌለ ድምፅ እየሰሙ ከፈሩ በዚያው ቀን ይታዩ። «እግዜር ይውሰደኝ» በእኛ አገር የሽማግሌ የወግ ቃል ነው፤ ሁሉም ሕመም አይደለም። ነገር ግን ቃሉ ከእንቅልፍ ማጣት፣ ከክብደት መቀነስና ከዝምታ ጋር ከመጣ «እንዴት ነው የሚያስቡት?» ብላችሁ ፊት ለፊት ጠይቁ። መጠየቅ ሐሳቡን አይጨምረውም። እስከዚያው ለነቀዝ የሚቀመጠውን የእህል ክኒን፣ ፀረ-ተባዩንና የተጠራቀመውን መድኃኒት ከቤት አውጡ ወይም ቆልፉበት፤ ብቻቸውንም አትተዉአቸው።

የመርሳት በሽታ በወራትና በዓመታት እየዘገየ ይመጣል፤ ድብርት በሳምንታት። የተደበሩ አረጋዊ ብዙ ጊዜ «አዘንኩ» አይሉም። ራሴን ያዞረኛል፣ ጨጓራዬ፣ ወገቤ፣ ልቤ ይመታል ይላሉ። ጤና ጣቢያው ለጨጓራ አራት ጊዜ ያክማቸዋል፤ አምስተኛው ላይ አንድ ሰው ስለ እንቅልፋቸው ይጠይቃል። ያ ጠያቂ እናንተ ብትሆኑ ሦስት ወር ታተርፋላችሁ።

ሦስተኛ፦ ፈቃዳቸውን ጠይቁ

«እኔ እብድ ነኝ ወይ?» ይህን ጥያቄ መመለስ ካልቻላችሁ ሪፈሩን ለማጻፍ አትቸኩሉ። አንዳንድ ቤተሰብ «ዓይንዎን እንታይ» ብሎ አታሎ ይወስዳል። አባት ወንበር ላይ ከተቀመጡ በኋላ የት እንዳሉ ሲገባቸው ነጠላቸውን አጣፍተው ይነሣሉ፤ ዳግም አይመለሱም፣ ልጃቸውንም አያምኑም። እውነቱን ለስለስ አድርጎ መናገር ይሻላል፦ «እማዬ፣ ግፊትዎን የሚያየው ሐኪም ለእንቅልፍዎና ለሐሳብዎ ሌላ ሐኪም ቢያይዎት ብሏል፤ ሁለቱ ተማክረው ቢረዱዎትስ?» ይህ ውሸት የለበትም፤ ክብራቸውንም አይነካም።

ቀጥሎ ምን እንዲጻፍ፣ ምን እንዳይጻፍ እንደሚፈልጉ ጠይቋቸው። ጤና ጣቢያ የጎረቤት ልጅ የምትሠራበት ቦታ ነው፤ «ካርዴን ማን ያነበዋል?» ማለታቸው ከንቱ ስጋት አይደለም። የመሬት ክርክሩን ወይም የልጅ ጠቡን ለአእምሮ ሐኪሙ በቃል ሊነግሩት ይችላሉ፤ በጤና ጣቢያው ካርድ ላይ መስፈሩ የግድ አይደለም። ደብዳቤው በፖስታ ታሽጎ ይሰጣችሁ ብላችሁ ጠይቁ። በቤተሰቡ የቴሌግራም ቡድን ውስጥ አትልቀቁት።

አራተኛ፦ ከረጢቱን ሙሉ

ከሁሉም ደረጃ በላይ እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ። አረጋውያን በሁለት ሐኪሞች መካከል የሚጎዱት በአብዛኛው በመድኃኒት ነው፤ አንዱ የሌላውን ስለማያውቅ።

አንድ የጨርቅ ከረጢት ይዛችሁ ቤቱን ዙሩ። ከአልጋ ራስጌ፣ ከሣጥን፣ ከመስኮት ደፍ፣ ከቦርሳ ያለውን ክኒን ሁሉ ክተቱ። ያለቀውን ባዶ ካርቶን፣ ከመድኃኒት ቤት ያለ ማዘዣ የተገዛውን የጉልበት ማስታገሻ፣ ጎረቤት «ለእኔ ጠቅሞኛል» ብላ የሰጠችውንም አትተዉ። ዳማከሴው፣ ፌጦው፣ ከመድኃኒተኛ የተገዛው ሥራሥርም ይጻፍ። ከዚያ ለእያንዳንዱ «በእርግጥ ይውጡታል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። የታዘዘው ሌላ፣ የሚዋጠው ሌላ መሆኑን ብዙ ጊዜ የምታውቁት ያን ቀን ነው።

ከረጢቱ ውስጥ እነዚህ ካሉ ለሁለቱም ሐኪሞች በስም ንገሩ። እናንተ አታቁሟቸው፤ ማሳወቅ ብቻ ነው።

ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የሚባለው የግፊት መድኃኒትና እንደ ፍሉኦክሰቲን ወይም ሰርትራሊን ያለ የድብርት መድኃኒት አንድ ላይ ሲሆኑ በደም ውስጥ ያለውን ሶዲየም ሊያወርዱ ይችላሉ። ሰውየው ይደክማል፣ ይደናገራል፣ ይወድቃል፤ ቤተሰብም «በሽታው ባሰባቸው» ይላል። መድኃኒቱ በተጀመረ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሶዲየም መለካት የሚረዳው ለዚህ ነው።

እንደ ዲክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌን ወይም አስፒሪን ያለ የሕመም ማስታገሻ ከእነዚሁ የድብርት መድኃኒቶች ጋር ሲሆን የጨጓራ መድማት አደጋን ይጨምራል። ጥቁር ሰገራ ከታየ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ነው።

አሚትሪፕቲሊን በአገራችን በብዛት የሚገኝና ርካሽ ነው፤ ለወጣት ይስማማ ይሆናል። በአረጋዊ ላይ ግን አፍ ያደርቃል፣ ሆድ ያደርቃል፣ ሽንት ያግዳል፣ ሲነሱ ግፊት ያወርዳል፣ ሐሳብንም ያደናግራል። የአእምሮ መድኃኒት የሚያመጣውን የሰውነት መገተር ለማስታገስ የሚሰጠው ትራይሄክሲፈኒዲልም ማስታወስን ያዳክማል።

ዲያዜፓም ያስተኛል፤ ያንኑ ያህል ደግሞ ሌሊት ወደ ሽንት ቤት ሲሄዱ ይጥላል። የዳሌ አጥንት ስብራት የሚጀምረው ብዙ ጊዜ ከዚያ ነው።

ለስሜት መዋዠቅ የሚሰጠውን ሊቲየም የሚወስዱ ሰው የግፊት መድኃኒቶቹ ኢናላፕሪል ወይም ሃይድሮክሎሮታያዛይድ፣ ወይም አይቡፕሮፌን ከተጨመረላቸው ሊቲየሙ በደማቸው ውስጥ ከልክ በላይ ሊጠራቀም ይችላል። ይህን ጤና ጣቢያው ማወቅ አለበት፤ ግፊት መድኃኒት የሚቀይረው እሱ ነውና።

ጾምና ጠበልም ከከረጢቱ ጋር ይጻፉ። በሁዳዴ «ጠዋት ከቁርስ በኋላ» የተባለው ክኒን የሚዋጠው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው፤ አንዳንዴም ጨርሶ አይዋጥም። ወደ ጠበል የገቡ እናት መድኃኒቱን ለሁለት ሳምንት አቋርጠው ይሆናል። ሐኪሙ ይህን ካላወቀ «መድኃኒቱ አልሠራም» ብሎ መጠኑን ይጨምራል። ደግሞም ብዙ መድኃኒት ወደ ማታ ሊዛወር ይችላል፤ ጠይቁ። ከንስሐ አባታቸውም ጋር ተነጋገሩ፤ ክኒኑን እየዋጡ ጠበል እንዲጠመቁ ሲፈቅዱ አይቻለሁ፣ አባቶች ሲሉት ደግሞ ከእኛ ምክር ይልቅ ይሰማል።

አምስተኛ፦ ሪፈሩ ላይ ጥያቄ ይኑርበት

«ለተሻለ ሕክምና» ጥያቄ አይደለም። ጥያቄ የሌለው ደብዳቤ የመድኃኒት ስም ተጽፎበት ይመለሳል እንጂ መልስ አይዝም። የሚጽፈው ባለሙያ ወረፋው ረጅም ነው፤ ስለዚህ ዝርዝሩን አስቀድማችሁ በንጹሕ ወረቀት ጽፋችሁ ስጡት፣ እሱ አይቶ ያስተካክለው። በአገራችን የጤና ጣቢያ ባለሙያዎች ድብርትን መለየትና ማከም የሚማሩበት የዓለም ጤና ድርጅት መርሐ ግብር አለ፤ ሥልጠናውን የወሰደ ሰው በጤና ጣቢያችሁ ካለ እሱ ቢጽፈው ይመረጣል። ምናልባትም ሪፈር ሳያስፈልግ እዚያው ሕክምናውን ይጀምረው ይሆናል።

የምወደው ደብዳቤ ይህን ይመስላል። ታካሚው ለምሳሌ የታሰቡ ናቸው፦

«የ74 ዓመት አባት፣ ከአዘዞ። ለ9 ዓመት ደም ግፊት፣ ለ4 ዓመት ስኳር። የሚወስዱት፦ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ 25 ሚሊ ግራም በቀን 1 ጊዜ፣ ኢናላፕሪል 10 ሚሊ ግራም በቀን 1 ጊዜ፣ ሜትፎርሚን 500 ሚሊ ግራም በቀን 2 ጊዜ፤ በራሳቸው ገዝተው ለጉልበት ዲክሎፌናክ። ፕሮስቴታቸው አብጧል፣ ሌሊት 4 ጊዜ ለሽንት ይነሣሉ። ባለቤታቸው ከሞቱ 7 ወር። ከ3 ወር ወዲህ ከሌሊቱ 9 ሰዓት በኋላ እንቅልፍ የለም፣ 6 ኪሎ ቀንሰዋል፣ ቤተ ክርስቲያን መሳለም ትተዋል። በራሳቸው ቃል፦ ‹ልቤ ሞተ›። በዘጠኝ ጥያቄው የድብርት መለኪያ 16 ከ27፤ ሞትን ይመኛሉ፣ ራሳቸውን የመጉዳት ዕቅድ የላቸውም። ግፊት ተኝተው 140/80፣ ቆመው 115/70። ስኳር በባዶ ሆድ 128፣ ሄሞግሎቢን 12.8፣ ክሬአቲኒን 1.3። የታይሮይድ ምርመራ አልተሠራም። ቀኝ ጆሯቸው አይሰማም። ሲጠየቁ ‹ደህና ነኝ› ይላሉ፤ ልጃቸውን ይጠይቁ። ጥያቄያችን፦ 1. ድብርት ብቻ ነው ወይስ የመርሳት በሽታም ጀምሯቸዋል? 2. ሽንታቸውንና ሲቆሙ የሚወርደውን ግፊት የማያባብስ መድኃኒት የትኛው ነው? 3. ክትትሉ እኛ ጋር መቀጠል ይችላል? ምን፣ በየስንት ጊዜ እንለካ?»

ጥቂት ቃላት ስለ ደብዳቤው። ግፊቱ ተኝተውም ቆመውም የተለካው በከንቱ አይደለም፤ ሲቆሙ የላይኛው ቁጥር በ20 ወይም ከዚያ በላይ ከወረደ የመውደቅ አደጋ አለ፣ የመድኃኒት ምርጫውም ይቀየራል። የታይሮይድ ምርመራው መጠቀሱ ደግሞ እንቅርት በደጋው አገራችን የተለመደ ስለሆነ ነው፤ የታይሮይድ ሆርሞን ማነስ ሰውን ያደክማል፣ ያደበዝዛል፣ ድብርትም መርሳትም ይመስላል። የቢ12 ቫይታሚን ማነስም እንዲሁ ነው። እነዚህ ከአእምሮ ሐኪሙ ቀጠሮ በፊት ቢሠሩ አንድ ምልልስ ይቀንሳል።

ስለ ዕድሜም ልንገራችሁ። ብዙ አረጋውያን ዕድሜያቸውን ሲጠየቁ የሚመጣላቸውን ቁጥር ይናገራሉ፤ በአንዱ ካርድ 68፣ በሌላው 80 ይሆናሉ። በክስተት ቁጠሩላቸው። ጣሊያን ጎንደርን የለቀቀው ኅዳር 1934 ዓ.ም. ነው፤ «ያኔ እየዳሁ ነበር» ካሉ ስሌቱ ቀላል ነው። አብዮቱ በ1966 ሲፈነዳ የበኩር ልጃቸው ስንት ዓመቱ ነበር? የመድኃኒት መጠን በዕድሜም ስለሚወሰን በሁለቱም ካርድ አንድ ዓይነት ቁጥር ይስፈር።

ስድስተኛ፦ ሊያዞን፣ ጤና መድህንና የሰዓት ጣጣ

ይህን በአጭሩ። ከጤና ጣቢያው የሪፈር ክፍል ወይም ሊያዞን (ታካሚን ከሌላ ጤና ተቋም ጋር የሚያገናኘው ክፍል) ወረቀቱን ማኅተም አስደርጉ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን አባል ከሆናችሁ ያለ ሪፈር በቀጥታ ሆስፒታል መሄድ ከኪስ ያስከፍላል፤ ደብተሩ መታደሱንም አስቀድማችሁ እዩ።

ቀጠሮው በየትኛው ዘመን አቆጣጠር እንደተጻፈ ጠይቁ። አንዳንድ ሐኪሞች በፈረንጅ ቀን ይጽፋሉ፣ እኛ በራሳችን እናነባለን። መድኃኒቱ ላይ «8 ሰዓት» ከተባለም የማን ስምንት ሰዓት እንደሆነ ይለይ፤ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ የሚዋጠውን ከምሳ በኋላ ሲውጡ የከረሙ ሰው አውቃለሁ።

ሰባተኛ፦ ክፍሉ ውስጥ

ሐኪሙ «እንዴት ነዎት አባቴ?» ይላል። አባታችሁ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ ልጄ» ይላሉ። ሐኪሙ «ቅሬታ የላቸውም» ብሎ ይጽፋል። ሁለቱም ተገቢውን ሠሩ፤ ሕመሙ ግን ሳይነገር ቀረ። የአባት መልስ የጨዋነት ሰላምታ እንጂ የሕመም ዘገባ አይደለም። ስለዚህ ደብዳቤው ገና ከመግባታችሁ እንዲነበብ በትሕትና ጠይቁ፦ «ዶክተር፣ ጤና ጣቢያው ሦስት ጥያቄ ጽፏል፤ ቢያዩልን።»

በሚሰማው ጆሮ በኩል ተቀመጡ። መነጽር ካላቸው ይምጣ። ለእሳቸው የቀረበውን ጥያቄ እናንተ አትመልሱ፤ ይህን ለመታገስ ምላሴን ነክሼ የተቀመጥኩበት ጊዜ አለ። በኋላ ተራችሁን ጠይቁና ያያችሁትን በቁጥር ተናገሩ፦ በሌሊት ስንት ሰዓት ተኙ፣ ስንት ጊዜ ወደቁ፣ ስንት እንጀራ ይበላሉ። ከዚያ ለጥቂት ደቂቃ ውጡላቸው። አረጋዊ በልጁ ፊት ሞትን እንደሚመኝ አይናገርም፤ እናትም ልጇ እንደምትጮህባት በልጇ ፊት አትናገርም።

ስምንተኛ፦ መልስ ሳትይዙ አትውጡ

ሰንሰለቱ የሚበጠሰው እዚህ ነው። መሄጃው ወረቀት አለው፤ መመለሻው የለውም። ብዙ የሪፈር ቅጾች ለግብረ መልስ የተተወ ቦታ አላቸው፤ ባዶውን ሆኖ ይቀራል። የምትጠይቁበት ጊዜ ወሳኝ ነው፦ ሐኪሙ ማዘዣ ሲጽፍ ሳለ። ብዕሩ ከተከደነና ቀጣዩ ታካሚ ከተጠራ በኋላ አይሆንም።

መልሱ ላይ የሕመሙ ስም ይኑር። አዲሱ መድኃኒት፣ መጠኑና የሚዋጥበት ሰዓት ይጻፍ፤ የሚቆም ካለ ስሙና ምክንያቱም። ጤና ጣቢያው ምን መለካት እንዳለበትና መቼ፣ ምን ከታየ ቶሎ መመለስ እንዳለባችሁ፣ መድኃኒቱን ከዚህ በኋላ ማን እንደሚያድስ፣ ቀጣዩ ቀጠሮ መቼ እንደሆነ። ሐኪሙ ጊዜ ካጣ ቢያንስ ሁለቱን ያዙ፦ የሕመሙን ስምና መድኃኒቱን ማን እንደሚቀጥል። ለድብርት የሚሰጥ መድኃኒት ለመሥራት ሳምንታት ይፈልጋል፤ በአረጋውያን ላይ ደግሞ በአነስተኛ መጠን ተጀምሮ በዝግታ ስለሚጨመር ከዚያም ሊዘገይ ይችላል። ከተሻላቸው በኋላም ብዙውን ጊዜ ለ9 ወርና ከዚያ በላይ ይቀጥላል። «ተሽሏቸዋል» ብላችሁ በድንገት አታቁሙ፤ ስንት ጊዜ እንደሚቀጥል በወረቀቱ ላይ ይስፈር።

መልሱን በዚያው ሳምንት ወደ ጤና ጣቢያው አድርሱ፤ የወሩን ክትትል አትጠብቁ። ካርዱ ውስጥ እንዲያያዝ ብቻ ሳይሆን የመድኃኒት ዝርዝሩ ላይ እንዲጻፍ ጠይቁ። የተያያዘ ወረቀት ይረሳል፤ በዝርዝሩ ላይ ያለውን ግን መድኃኒት የሚያድሰው ሁሉ ያየዋል።

ሁለቱ ካልተስማሙ

ይሆናል። የአእምሮ ሐኪሙ «ይህን ክኒን ይውሰዱ» ብሎ፣ ጤና መኮንኑ «ለግፊታቸው አይሆንም» ይላል። እናንተ መካከል ቆማችሁ ዳኛ አትሁኑ፤ የወደዳችሁትንም አትምረጡ። ለጤና መኮንኑ «ለምን እንደማይሆን ይጻፉልኝ፣ ለዚያኛው አደርሳለሁ» በሉት። ወይም ከጤና ጣቢያው ወደ ሆስፒታሉ ሊያዞን እንዲደውልና ከሐኪሙ ጋር እንዲያገናኙት ጠይቁ። ባለሙያ ለባለሙያ ሲደውል የአምስት ደቂቃ ነገር ነው፤ ቤተሰብ ሲያመላልሰው አምስት ሳምንት ይፈጃል። ከአባቴ ሌሊት በኋላ የሆነው ይኸው ነበር፦ አንድ ስልክ ተደወለ፣ አሚትሪፕቲሊኑ ቆመ፣ በምትኩ ሌላ በትንሽ መጠን ተጀመረ፣ ሶዲየማቸው በሁለተኛው ሳምንት ተለካ። በፋሲካ ዶሮውን ራሳቸው ባረኩ።

ስልክ ለሌላም ይጠቅማል፤ ለሁሉ ነገር ግን አይደለም። መድኃኒት ከተጀመረ በኋላ መደናገር፣ መውደቅ፣ የሽንት መታገድ ወይም የሰውነት መገተር ከመጣ ደውሉ፤ ካልተነሣ ሂዱ። መድኃኒቱ ከገበያ ጠፍቶ መድኃኒት ቤት «ተመሳሳዩ ነው» ብሎ ሌላ ከሰጣችሁም ከመዋጡ በፊት ደውሉ። ቀጠሮ ለማስቀየርም እንዲሁ። የቀረው ለደብተሩ ይቆይ።

ደብተሩ አንድ ተራ የተማሪ ደብተር ነው። በፊት ገጹ የሁለቱ ሐኪሞች ስምና ቀን፣ ቀጥሎ የመድኃኒት ዝርዝሩ፣ ከኋላ የሪፈሩና የመልሱ ቅጂ። የወረቀቶቹን ፎቶ በስልካችሁ አንሡ፤ የነጠላ ቋጠሮ ወረቀትን ያበላሻል። ደብተሩን በላስቲክ ጠቅልላችሁ ከመድኃኒቱ ከረጢት ጋር በአንድ ቦታ አስቀምጡት፤ የቀጠሮው ዕለት ጠዋት ከዳቦውና ከውኃው ጋር ይያዝ፤ ወረፋው እስከ ምሳ ሊዘልቅ ይችላል።